የባላንጣዬ ቀብር

ኮሎራዶ ስገባ ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል። እኔን ግን ሰው የሚያውቀኝ ያኔ በጻፍኩትና በሬዲዮ ባነበብኩት ነበር። ገበያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አስቁሞኝ፣ «በድብቅ በሬዲዮ እንሰማዎ ነበር እኮ» ይለኛል። አመሰግነዋለሁ፤ ግን ስለ ሌላ ሰው የሚነግረኝ ይመስለኛል። ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ልጄ ቤት ነበር የምኖረው። እሷ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ደክማ ትመጣለች፣ እኔ ምንም ሳልሠራ ደክሜ እጠብቃታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚያደርሰኝ ሰው ከተገኘ የዳዊትን ትርጓሜ አስተምራለሁ። የሚመጣው ሰው እያነሰ ሄዷል።

አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ ሲያልቅ አንዲት ሴት ወደ ኋላ ቀርታ ጠበቀችኝ።

«የኔታ፣ ባለቤቴ ሊያገኝዎት ይፈልጋል። ኩላሊቱ ታሟል፤ ስኳሩ ዓይኑንም ወስዶበታል።»

የባሏን ስም ስትነግረኝ መልሼ ተቀመጥኩ።

እኔ ከቅኔ ቤት ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሱ የግራዎቹ ሁሉ አንደበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን የባላባት ጓዳ ናት ብሎ ጻፈ፤ መለስኩለት። እሱም መለሰ። ደርግ ሲመጣ ሁለታችንንም አሰረን፤ እኔን በሃይማኖቴ፣ እሱን ደግሞ የእሱ ኮሚኒዝም ከእነሱ ስለተለየ። እኔ ስፈታ በሱዳን ወጣሁና እዚያ ሆኜ መጻፍ ቀጠልኩ። ብዕሬን ሳነሳ ከፊቴ የማየው ወታደሮቹን አልነበረም፤ እሱን ነበር።

ኦሮራ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ካለ አፓርትመንት ልጄ አደረሰችኝ። ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ድምፄን ሲሰማ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«አንተ ደብተራ፣ አረጀህ?»

«አርጅቻለሁ።»

«እኔ ሃቫና ላይ ልሞት ነው። ሶሻሊዝም በመጨረሻ ይቺን ታህል አደረገልኝ።»

ሚስቱ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ለመታረቅ የጠራኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከመሰደዴ በፊት በእሱ ላይ የጻፍኩትን የመጨረሻ መጽሐፍ እንዳነብለት ነበር የፈለገው። መልስ ሳይሰጠኝ አገር ለቅቄበታለሁና።

በዚያ የበረዶ ክረምት ኩላሊቱን በማይታጠብባቸው ቀናት እየሄድኩ አነበብኩለት። በየገጹ ያስቆመኛል፤ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» ይለኛል። የወጣትነት ዓረፍተ ነገሮቼ ረጃጅም ነበሩ፤ ትንፋሼ ያልቅብኛል። አንዳንዴ እሱ መልሱን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዳንዴ እኔ ቀድሜ አንቀላፋለሁ፤ ሚስቱ መጥታ ሁለታችንንም ትቀሰቅሰናለች።

አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ጠየቅኩት። «አሁንስ? ምንም አትፈራም?»

«ያንን እጥበት እፈራለሁ» አለኝ። ቆየት ብሎም፣ «አውቃለሁ ስለ እግዜር የምትጠይቀኝን። የለም። ላስደስትህ ብዬ አልዋሽህም፤ አንተም እንዲህ ስላልኩ አትቅር» አለኝ።

አልቀረሁም። መጽሐፉን ሳንጨርሰው ግን በሚያዝያ ሞተ።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ሐዘን ቤት አገኙኝ። የሟቹ እናት አገር ቤት በሕይወት አሉ፤ ልጃቸው ያለ ፍትሐት ተቀበረ ሲባል ቢሰሙ አይችሉትም። ቄሱ ሩኅሩኅ ሰው ናቸው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ።

«መምህር፣ ክረምቱን ሙሉ ከአጠገቡ ነበሩ። በመጨረሻ ተመልሷል ብለው አንድ ቃል ይመስክሩልኝ። እኔ ፍትሐቱን አደርሳለሁ።»

ሚስቱ ከጎናቸው ቆማ ታየኛለች።

«አልተመለሰም፣ አባ» አልኩ።

«በልቡ ያለውን ማን ያውቃል?»

«በልቡ ያለውን እግዜር ያውቃል። እኔን የጠየቁኝ የተናገረውን ነው። ተጠይቆ፣ የለም አለኝ።»

ሴትየዋ ጥቁር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ዕድሜዎን ሙሉ ሲሰድቡት ኖሩ፤ ሞቶ እንኳ አይምሩትም?» አለችኝ። ለእምነቱ የታሰረን ሰው እምነቱን ሞቶ ሳለ ልነጥቀው አልቻልኩም። ደርግ ሲገርፈው ያልካደውን እኔ ለቀብር ብዬ ልክድለት ነው? ይህን ግን ሐዘን ላይ ላለች ሴት አይነግሩም።

ፍትሐት አልተደረገለትም። የተቀበረ ዕለት እርጥብ በረዶ ይጥል ነበር፤ የመጣው ሰው ጥቂት ነው። ሣጥኑ ሲወርድ የሚናገር ሰው ጠፋ። በጎረቤትነት ስታስታምመው የከረመች አንዲት ጴንጤ ሴት አንድ ነገር በል እንደማለት አየችኝ፤ ቀና ብዬ ራቅ ብለው የቆሙትን ቄስ አየሁ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ያኔ በራሴ ስም፣ ለራሴ እንደሚጸልይ ሰው፣ «ማረኝ» የሚለውን የዳዊት መዝሙር አደረስኩ። ከግማሹ በኋላ ያለውን እየተንሾካሾኩ ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሚመጡልኝ የበለጠ አነሱ። ለኮሚኒስት አለቀሰ ያሉኝ አሉ፤ በሬሳ ጨከነ ያሉኝም አሉ። ሁለቱንም ወሬ ያመጣችልኝ ልጄ ናት። ለማንም መልስ አልሰጠሁም፤ የመልስ ጉልበቴ አልቋል።

መስከረም ላይ የሟቹ ሚስት ደወለች። ወደ ሊትልተን ከተማ እህቷ ዘንድ ልትዛወር ነው።

«የኔታ፣ መጽሐፎቹን ማንም አይፈልጋቸውም። ቆሻሻ ላይ ልጥላቸው ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ።»

«አምጪያቸው» አልኳት።

እሷና ጎረቤቷ በመኪና ጭነው አመጧቸው። ሚስቱ አልገባም ብላ በር ላይ ቆመች። ስትሄድ ግን በትምህርቱ ጊዜ ታደርገው እንደነበረው ጉልበቴን ለመሳም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት።

ልጄ ከሥራ መጥታ ጋራዡን ስትከፍት እስከ ጣሪያው የተደረደረ ካርቶን አገኘች። አንዱን ከፍታ የመጽሐፉን ቀይ ሽፋን አየች።

«አባዬ፣ በእነዚህ ምክንያት አይደል እንዴ አገራችንን ጥለን የወጣነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ መኪናዬን የት ፓርክ ላድርግ?»

«ለጊዜው ውጭ አድርጊው» አልኳት። ጋራዡን ዘግታ ገባች። በክረምቱ ከመኪናዋ መስተዋት ላይ በረዶ ስትፍቅ በመስኮት አያታለሁ። ወጥቼ ልረዳት እነሣለሁ፤ ካፖርቴን ለብሼ ሳልጨርስ ሄዳለች።