የመወልወያው ደብዳቤ

የያዙኝ አርብ ከቀትር በኋላ ነው፣ የሰንበት ዳቦ ገዝቼ ወደ ሰፈሬ ወደ ክርያት ሞሼ ስመለስ። ሁለት ፖሊሶች በስሜ ጠርተው "ያላ፣ ና" አሉኝ። እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል የሲሚንቶ መደብና መጸዳጃ ብቻ ነበረው፤ መስኮት የለ። ዳቦዬን ቀሙኝ። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው።

ጥፋቴ የቀልድ መጽሔት አዘጋጅነት ነው። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ እማድቤት ጠረጴዛ ላይ በአማርኛ እያዘጋጀሁ፣ በፎቶ ኮፒ እያባዛሁ በየሱቁ አስቀምጣት ነበር። ስምንት ዓመት በሹማምንቱም በራሴም ዘመዶች አሾፍሁ፤ ከቁም ነገር የቆጠረኝ አልነበረም። ያን ወር ግን አንድ የወለል መወልወያ ለሚያጸዳው መሥሪያ ቤት አለቃ የጻፈው ደብዳቤ ወጣ፦ "ዘጠኝ ዓመት ጫማዎን ሳውቅ ኖርሁ፤ እርስዎ አንድ ቀን ሰላም ብለውኝ አያውቁም። እሁድ ከነዘመዶቼ መጥቼ እተዋወቅዎታለሁ።" እሁድ ሲነጋ አርባ የጽዳት ሴቶች መወልወያቸውን ይዘው የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ወይ ጉድ! እኔ እንኳ አልጠበቅሁም።

ደብዳቤውን የጻፈችው እዚያው የምታጸዳ ሴት ናት። ስሟን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከታወቀች ትባረራለች፤ ቤተሰቧ ደግሞ የሚኖረው በእሷ ደሞዝ ነው።

መርማሪው "የጻፈውን ሰው ንገረኝና ሰንበትን ቤትህ ዋል" አለኝ። እምቢ አልሁት። አማርኛውን የሚያነብለት አስተርጓሚ አስጠራ። በሩ ተከፍቶ የሰፈራችን ሽማግሌ ገቡ፣ ደብዳቤውን የጻፈችው ሴት ባል። ሚስታቸው እንደምትጽፍ አያውቁም።

ብድግ አልሁ። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጬ ልቆይ? መርማሪው ልመታው የተነሣሁ መስሎት ትከሻዬን ይዞ ደፈቀኝ።

"ተወው፣ እኔን አክብሮ ነው" አሉት በዕብራይስጥ።

ማንበብ ጀመሩ። ግማሹ ላይ ድምፃቸው ቆመ። ቤታቸው ውስጥ የሚሰሙት አነጋገር ነው፣ እንዴት አያውቁት? መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

"አንተው ራስህ?"

"እኔው ነኝ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ መርማሪው ዞረው "እሱ ነው" አሉት። መርማሪው "ቤሰደር" ብሎ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ የእምነት ቃል ወረቀት ገፋልኝ፣ ፈረምሁ። በአዘጋጅነት ዘመኔ የሰው ጽሑፍ የሰረቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ ቤታቸው ለመድረስ ቸኩለው ወጡ። እኔ ሰንበትን ብቻዬን ዋልሁ። "ሰንበት ሰላም" የሚለኝ አንድ ሰው አጣሁ፤ ለራሴ አልሁት፣ ደስ አይልም። አለቀስሁ፣ አላፍርበትም።

የሚከሱኝበት ወንጀል አጥተው እሁድ ለቀቁኝ። ባለሱቆቹ ፈርተው መጽሔቷን አንቀበልም አሉ፣ በዚያው ቀረች። ሽማግሌው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ። ቤታቸው ጠርተውኝ አያውቁም። አልፈርድባቸውም፣ ግን ይከፋኛል።

አምና አንድ ሠርግ ላይ አንዱ እንግዳ ያን ደብዳቤ በቃሉ አነበነበው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ከጻፍሃቸው ሁሉ እንደሱ ያለ የለህም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለኝም። ደብዳቤውን የጻፈችው ሴት ከሽማግሌው ባሏ ጎን ተቀምጣ ከሰው እኩል ስትስቅ አየኋት። ስወጣ በሩ ላይ ጠብቃ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

"እጅህ ይባረክ፣ ጥሩ ነው የጻፍኸው" አለችኝ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"አሜን" አልኋት።