የጣት ዕረፍት

ገዲሴ ከነጠላዋ ጫፍ ካርዷን ፈትታ ለባንኩ ሠራተኛ ለራኬብ አቀበለቻት። የመኖ ቤቱ ማሽን ጠዋት ካርዱን አልቀበልም ብሎ፣ ላሞቿ ያለ ፉርሽካ ውለዋል።

«ጊዜው አልፎበታል፣ እናቴ። አዲስ ካርድ ደግሞ አሁን አንሰጥም፤ ሁሉም ወደ ስልክ እየሄደ ነው።»

«ስልኩማ የቶሌራ ነው። የልጄ።»

«ይሄ የያዙት?»

«ቀፎው የኔ ነው። ሲሙ የወጣው በሱ ስም ነው።»

«እንግዲያው እዚህ እየመጡ ማውጣት ይችላሉ።»

«ፉርሽካ ባለቀ ቁጥር ልሰለፍ?»

ላፍቶ እርሻ በነበረበት ዘመን የቤቱ ገንዘብ በባሏ ኪስ ነበር። እሱ ሞቶ፣ ማሳውም ኮንዶሚኒየም ሲበቅልበት፣ ከቀሩት ሁለት ላሞች ወተት እየሸጠች በስሟ ያገኘችው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ካርድ ነው። አንድ ጊዜ ደንበኞቿ በስልክ እንክፈልሽ ቢሏት እሺ አለች። ገንዘቡ በሷ ቀፎ ገብቶ በቶሌራ ስም ተቀመጠ፤ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር የባጃጁ ጎማ ሆኖ ወጣ። «አንድ ቤት አይደለን እንዴ፣ ሃርሜ፣ እናቴ?» አላት እየሳቀ።

«በስምዎ ሲም ያውጡ» አለቻት ራኬብ።

ገዲሴ መንገዱን ተሻግራ ሲም ወደሚሸጥበት ሱቅ ገባች። ሻጩ ጣቷን ማሽኑ ላይ አስጫናት። አላነበበም። አውራ ጣቷን ሞከረ። ጠርጎ ደግሞ ሞከረ።

«እማማ፣ አሻራዎ እኮ አልቋል! ምን ሲሠሩበት ኖሩ?»

«ሳልብበት።»

«በቃ፣ ሁለት ሳምንት አያልቡ። ቫዝሊን እየቀቡ ያሳርፉት፤ ይመለሳል።»

«ላሞቹንስ አንተ ታልብልኛለህ?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። የማይሠራውን ካርድ መልሳ ነጠላዋ ላይ ቋጠረችና ወጣች።

አመሻሹ ላይ ቶሌራ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ የወተቱን ባልዲ አስያዘችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጣቴ ይረፍ ተብሏል።»

«እኔ ማለብ የት አውቃለሁ?»

«እኔስ ስልክ የት አውቃለሁ? ተማሪ ተባልኩ። አንተም ተማር።»

እያጉረመረመ ከላሟ ሥር ቁጢጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ ላሟ ረገጠችው፤ ባልዲው ተገልብጦ ወተቱ በሱሪው ላይ ወረደ። ቶሌራ እየተሳደበ ዘሎ ተነሳ።

የነገ ደንበኞቿ ወተት መሬት ሲጠጣው ገዲሴ እያየች ነው። ከበርጩማዋ ልትነሳ ቃጣት። ቫዝሊን የተቀቡ ጣቶቿን አየች፤ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች።

«ባልዲውን አንሳ» አለችው። «እንደገና።»