የዳማዋ ባዝራ ኪንታሮት

አባቴ ከፋብሪካ ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር እናቴ ደወለችና «ወይ ሥራ ፈልጊለት፣ ወይ እኔን መጥተሽ ውሰጂኝ» አለችኝ። እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼባ ውስጥ ሽኩና አሌፍ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው አባቴ ቀኑን ሙሉ የድስት ክዳን እየከፈቱ አስተያየት ይሰጡ ነበር።

እኔ የምሠራው የእንስሳት በሽታ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። ናሙና የሚያመጣልን አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከቤርሼባ ወጣ ብሎ አካል ጉዳተኛ ልጆች ለሕክምና ፈረስ የሚጋልቡበት እርሻ እንዳለና ጋጥ የሚጠርግ ሰው እንደሚፈልጉ ነገረኝ። አባቴን ይዣቸው ሄድኩ። በጎንደር ገጠር ያደጉት ከፈረስና ከበቅሎ ጋር ነው፤ በፋብሪካው ዓመታት ግን ስለዚያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። የመጀመሪያዋን ፈረስ አንገት ሲደባብሱ ፊታቸው ላይ የቆየው ድካም ለቀቅ ሲል አየሁት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ «ባልደራስ» እያልን እንጠራቸው ጀመር። ቅር አላላቸውም።

በፋሲካ ሰሞን አንዲት የሁለት ዓመት ዳማ ባዝራ መጣች። አባቴ ወደዷት። በደወልኩላቸው ቁጥር እንደ ልጅ ልጅ ወሬዋን ይነግሩኛል፤ ዛሬ ካሮት ከኪሴ ሰረቀችኝ፣ ዛሬ ኮፍያዬን አኘከችው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አፍንጫዋና ከንፈሯ ዙሪያ ግራጫ እብጠቶች ብቅ ብቅ አሉ። «ኪንታሮት ነው፤ የልጅነት ነገር ነው፣ ይረግፋል» አሉኝ አባቴ። ይህንኑ ለእርሻው ኃላፊ ሊነግሯት ሲሞክሩ ግን የዕብራይስጡ ቃል ጠፋባቸው። በጣታቸው እያሳዩ «ካፍቶር፣ ካፍቶር ቃታን»፣ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ ብለው ቀሩ።

በሳምንቱ እብጠቶቹ ቀልተው፣ አብጠው፣ ውሃ መቋጠር ጀመሩ። አንዲት እናት እብጠቶቹን አየችና ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ኃላፊዋ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ግልቢያውን አቆመች፤ ባዝራዋ ለብቻዋ መጨረሻው ጋጥ ውስጥ ተዘጋባት። አጠገቧ የሚደርሱት አባቴ ብቻ ሆኑ።

ሐኪሙ እብጠቱን በጥጥ አሽቶ ናሙናውን አመጣልኝ። «ኪንታሮት ሊሆን ይችላል» አለኝ፣ «ግን ኪንታሮት እንዲህ አይቆጣም። የፈረስ ፈንጣጣም አስቤያለሁ። ከከብት ወደ ፈረስ የሚተላለፈውንም ቫይረስ እዩልኝ።»

ማታ ላይ ደውዬ ይህንን ለአባቴ ነገርኳቸው።

«እሷንም እንደኔ በኮሮና ጊዜ አፍንጫዋን ጎረጎሯት?»

«ኧረ ከውጭ ብቻ ነው ያሹት፣ አባባ።»

«እና ያ የመመርመሪያ መኪናችሁ በምን ያውቃል? አይቷት ያውቃል?»

«እያንዳንዱ ቫይረስ የራሱ ጽሑፍ አለው። እኛ ያችን ጽሑፍ ፈልገን እናባዛታለን። ካለች ትታያለች፣ ከሌለች አትታይም።»

«እኔ ግን ፈረሷን አይቻታለሁ» አሉና ስልኩን ለእናቴ ሰጧት። ተቀይመውኝ ነበር።

ምርመራው አልሠራም። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ፣ በሽታ ኖረም አልኖረም መታየት ያለበት አንድ መቆጣጠሪያ እንጨምራለን፤ እሱም አልታየም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ሆነ። ይህ ማለት ናሙናው ውስጥ ምርመራውን የሚያንቅ ነገር ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ የማየው የዕፅዋት ጭማቂ ሲነካካው ነው። ስለ ዕፅዋት ሳስብ ደግሞ የአገር ቤት ቅጠል መድኃኒት የሚያውቁት አባቴ ትዝ አሉኝ። ደወልኩ።

«አባባ፣ ፊቷ ላይ የቀቡት ነገር አለ?»

ከኋላቸው ፈረስ ሲያሽካካ ይሰማኛል።

«ማን ነገረሽ?»

«መኪናው።»

«ይህንንም ያያል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ተናዘዙ። «አገር ቤት ለኪንታሮት የቅንጭብ ወተት ነበረን። እዚህ ከየት ይመጣል? ከግቢያችን የበለስ ቅጠል ቀንጥሼ ወተቱን ቀባኋት። ሦስት ቀን ብቻ ነው። ቶሎ ረግፎላት ልጆቹ እንዳይፈሯት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

እንግዲህ ቆዳዋን ያስቆጣው የበለሱ ወተት ነበር። ልቆጣቸው አሰብኩ፣ አልሆነልኝም። ሐኪሙ ማወቅ እንዳለበት ነግሬያቸው፣ ከፈለጉ እኔው እንደማስረዳው ጨመርኩላቸው።

«የቀባሁት እኔ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ። ቃሉን ብቻ ስጪኝ።»

«ያቤሌት» አልኳቸው፤ በዕብራይስጥ ኪንታሮት ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደገሙት።

የሆነውን በኋላ የነገረኝ ሐኪሙ ነው። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊቱ ቆሙና በዕብራይስጥ «ያቤሌት ነው። እኔ የበለስ ወተት ቀባሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የፈረሷ አይደለም» አሉት። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ሁለተኛ እንዳይቀቧት ብቻ አስጠነቀቃቸው። ፊቷን አብረው አጠቡ። ቆዳዋ ትንሽ ሲበርድላት በማደንዘዣ አደንዝዞ ከአንዱ እብጠት ሥር ቁራጭ ወሰደ። ራሷን ይዘው በጆሮዋ በአማርኛ ሲያባብሏት የነበሩት አባቴ ናቸው። «እኔንም ያባበሉኝ መሰለኝ» አለኝ ሐኪሙ።

በዚህኛው ናሙና መቆጣጠሪያው በትክክል ታየ። ፈንጣጣ የለም። የከብቱ ቫይረስም የለም። የፈረስ ኪንታሮት ቫይረስ ግን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ወረቀቱን አትሜ ከሥራ በቀጥታ ወደ እርሻው ነዳሁ። አባቴ ባልዲ ሲያጥቡ አገኘኋቸው።

«ኪንታሮት ነው፣ አባባ።»

«ደግ» አሉ። አላልኩሽም ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላሉኝም። «ታዲያ አሁን ምን እናድርግላት?»

«ምንም። በራሱ ጊዜ ይረግፋል።»

«ምንም አለማድረግ ከባድ ሥራ ነው» አሉና ወደ ባልዲያቸው ተመለሱ።

ያን ከባድ ሥራ በጋውን ሙሉ ሠሩት። ወደ ሌሎቹ ፈረሶች እንዳይተላለፍ የባዝራዋን ባልዲና ብሩሽ ለይተው ያዙ፤ ከሷ ጋጥ በወጡ ቁጥር እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ለልጆቹ ወላጆች ኃላፊዋ የፈረስ ኪንታሮት ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ውጤቱን እያሳየች አስረዳቻቸው፤ በሌሎቹ ፈረሶች ግልቢያው ተጀመረ። ልጇን ይዛ ሄዳ የነበረችው እናትም ከልጇ ጋር ተመለሰች።

አንድ ዓርብ ጠዋት አባቴ ደውለው «ነይ፣ የማሳይሽ አለ» አሉኝ። ስደርስ ባዝራዋን ከጋጡ አውጥተው ጥላ ውስጥ አቁመዋታል። እብጠት የሚባል ነገር አልቀረባትም፤ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ፀጉሯ ሳሳ ብሏል።

«ንኪያት እንጂ!» አሉኝ።

ስንት ጊዜ ቆዳዋን በብልቃጥ ይዤ፣ እሷን አንድ ቀን እንኳ ነክቻት አላውቅም ነበር። እጄን አፍንጫዋ ላይ አሳረፍኩ። ለስላሳና ሞቃት ነበር። አሸተተችኝ፣ የምትፈልገውን አላገኘችም መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ አባቴ ኪስ አዞረች።