የተሰፋው ምዕራፍ

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከስፌት የተረፈውን ጊዜዋን ደግሞ በድሮ እንግሊዝ ነው የምታሳልፈው፤ ንጉሡ ታሞ ልጁ በእንደራሴነት አገር በሚያስተዳድርበት ዘመን። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የምትለቃቅማቸው፣ ወደ ቋንቋችን የተመለሱ የፍቅር ልብወለዶች አሏት፤ ሽፋናቸው ላይ ሠረገላና ረጅም ቀሚስ አይጠፋም። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ማንም «እወድሻለሁ» ለማለት አይቸኩልም። ሰውየው የልጅቷን እጅ በጓንቷ ላይ ነካ ካደረገ ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ችኩልም ነኝ። የተዋደደ ይንገር፣ ያልተዋደደ ወደየቤቱ ይሂድ ባይ ነኝ።

«መጨረሻው እኮ ይታወቃል፤ ይጋባሉ» እላታለሁ።

«መጋባታቸውንማ አውቃለሁ» ትለኛለች መቀሷን ሳታስቀምጥ። «እንዴት ብሎ እንደሚጠይቃት ነው የማላውቀው። እሱን አስቀድሜ ካየሁት ምን ቀረኝ?»

ላለማየትም ብልሃት አላት፤ ራሷን አታምንማ። አዲስ መጽሐፍ እጇ ሲገባ መጀመሪያ የምታደርገው የመጨረሻውን ምዕራፍ መስፋት ነው። መጋረጃውን በመኪና ከመስፋቷ በፊት እንደምታደርገው፣ የገጾቹን ጠርዝ በላላ ነጭ ክር ታያይዘዋለች። እዚያ ስትደርስ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታዞርና ቀስ ብላ ትተረትረዋለች። ካውያ የምንለው፣ በሱቋ ጥግ ልብስ የሚተኩስ ሽማግሌ፣ «ምን አጠፉና ነው የምታስሪያቸው?» እያለ ይቀልድባታል።

አንደኛው ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ደህናውን ሞራ ሸፈነው። ሐኪሙ ሞራው እንደሚነሣ፣ ከኋላ ያለው ግን ምን ያህል እንደተጎዳ ፋሻው ሲፈታ ብቻ እንደሚታወቅ ነገራት።

«ማንበብ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችው። ስለ መስፋት አልጠየቀችም፤ መስፋቱን እጇ ያውቀዋል።

«እናያለን» አላት። ይህን ቃል ያን ቀን ጠላሁት።

ሞራው ከተነሣ በኋላ ቁስሉ ቶሎ አልድን ብሎ ዓይኗ ከተባለው በላይ ታሽጎ ሰነበተ። ቤት ተቀመጪ ብትባል ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ጠዋት ጠዋት እጇን ይዤ ሱቅ አመጣታለሁ፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ስትዳስስ ትውላለች። ከሥራ ስመለስ ደግሞ ጀምራው የነበረውን መጽሐፍ አነብላታለሁ። ገና ስታስረክበኝ ነው ያስጠነቀቀችኝ፦

«የተሰፋውን እንዳትነኪ። እሱን ራሴ ነኝ የማነበው።»

ታሪኩ የአንዲት ድሃ የቄስ ልጅና ከጦር ሜዳ የተመለሰ ኩሩ ካፒቴን ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ቀጥሬ ስለነበር ነገር ላሳጥር ብዬ፣ «ጓንቷ ከሠረገላው ላይ ወደቀ። ካፒቴኑ አነሣው። ማታ ሁሉም ለእራት ተሰበሰቡ» ብዬ አነበብኩ።

«ቆይ፤ ጓንቱንስ መለሰላት?»

«መለሰላት መሰለኝ።»

«መሰለኝ? አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ሰው ጓንት አንሥቶ ዝም ብሎ አይመልስም። ዘለሽብኛል!»

«ዘላለች!» አለ ካውያ ከጥግ። «ገጹን ሁለት ሁለት ስትገልጥ አይቻለሁ።»

እጅ ሰጥቼ ተመለስኩ። እውነትም ካፒቴኑ ጓንቱን አልመለሰም። ኪሱ ከቶት፣ መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ እያወራ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ሄደ። የሰጣት ሲለያዩ ነው። ጓንቱ ሞቆ ነበር። ልጅቷም ሙቀቱ እየተሰማት አጠለቀችው። ይኸው ነው። እኔ ግን ልቤ ድንግጥ አለ። አክስቴ «እህ» ብላ አንድ እጇን በሌላው ያዘች። ወዲያው የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን፤ ካውያ የሰው ሱሪ አሳርሮ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ ወዲያ አንዲት መስመር አልዘለልኩም። ሻይ እንዴት እንደተቀዳ፣ ማን ከማን ጋር እንደጨፈረ፣ ሁሉንም አነበብኩ። የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለልኩ እንኳ የማስበው ስለ ካፒቴኑ ሆነ። ስፌቱ ጋ ስንደርስ አክስቴ «በቃ፣ ዝጊው» አለች፤ ዘጋሁት።

ፋሻው የተፈታ ቀን ሐኪሙ ጣቶቹን አሳያት፤ በትክክል ቆጠረች። ወደ እኔ ዞራ «ከስተሻል» ስትለኝ በደስታ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሱቅ እንደገባን ለካውያ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትሰጥ መጽሐፉን አንሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ክሩን ተረተረች። ገጹን አቀረበችው፣ አራቀችው፣ መነጽር ቀየረች። ካውያ መተኮሱን ትቶ ያያታል።

«መስመሩ ይታየኛል» አለች በመጨረሻ። «ፊደሉ ግን አይለይልኝም።»

ሳትደበቀን አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በቁራጭ ጨርቅ አደራርቃ መጽሐፉን ዘረጋችልኝ።

«እንግዲህ አንቺው ነሽ» አለች። «ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብዬ አነበብኩ። ዝናብ ነው። ካፒቴኑ በእግሩ መጥቶ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ልጅቷ ብቻዋን ናት። እሱ ስለ አባቷ ጤና ጠየቀ፤ ቀጥሎ ስለ ውሻዋ ጤና ጠየቀ። የሚጠይቀው ሲያልቅበት ጓንቶቹን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ።

እዚህ ላይ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ? ቀጥይ እንጂ!» አለ ካውያ።

«ለነገ ብናቆየውስ?» አልኩ። ከአፌ መውጣቱን እኔም አላመንኩም። እንዲያልቅብኝ አልፈለግሁም።

አክስቴ ፊቴን ትክ ብላ አየችና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

«መርፌ አምጪ» አለችኝ።

ክሩን እኔ አስገባሁላት። የቀሩትን ገጾች በጣቷ እየዳሰሰች አስተካክላ ሰፋቻቸው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።