የማያድጉት ዶሮዎች መዛኝ

መዛኟ ወደ ዶሮ እርባታ ጣቢያው ስትገባ ጠጉሯ ጥቁር፣ ትዕግሥቷ አጭር ነበር። እዚያው ጠጉሯ ነጣ፤ ትዕግሥቷም ረዘመ።

ጫጩት ሚዛን ላይ አርፎ አይቆምም። ስለዚህ የባሏን ካልሲ ጫፉን ትቆርጥና፣ አንገቱ ብቻ እንዲወጣ አድርጋ ትከተዋለች፤ ወዲያው ጸጥ ይላል። ባሏ እዚያው መኖ አደባላቂ ነበርና፣ «ሴትዮ፣ በሳይንስ ሰበብ በባዶ እግሬ ልታስቀሪኝ ነው» ይላት ነበር።

«አንተ ደግሞ፣ እግርህ መች አማረና!»

ዛሬ «አንተ» የምትለው ሰው የላትም።

ጣቢያውን ያቋቋሙት ሽማግሌ ተመራማሪ ዶሮዎቹን በሁለት ቤት ከፍለው ነበር። በአንደኛው ቤት ከየትውልዱ ከባድ ከባዱ እየተመረጠ ይዋለዳል። በሁለተኛው፣ መኖው ያው ሆኖ፣ ማንም አይመረጥም። አንድ ቀን የአንድ አውራ ዶሮ ቅልጥም እየለኩ፣ «ክብደትን በዘር ስትጎትቺው ብቻውን አይመጣም» አሏት። «የቅልጥሙ ርዝመት፣ የደረቱ ስፋት፣ የእድገቱ ፍጥነት አብረው ይጎተታሉ። ታዲያ እነዚያ ያልተመረጡት እንዳሉ ካልቆዩልን፣ እነዚህ የወፈሩት በዘራቸው ይሁን በባልሽ መኖ በምን እናውቃለን?»

«በባሌ መኖማ ቢሆን እኔም በወፈርኩ» አለቻቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የተመረጡት ከትውልድ ትውልድ እየከበዱ ሄዱ። ኋላ ላይ እግራቸው ሸክሙን አልችል ብሎ፣ እንደ ሹም ተቀምጠው መብላት ጀመሩ። መዛኟ የምትወደው ሁለተኛውን ቤት ነበር። ሽማግሌው አለፉ፤ ባሏም ተከተለ፤ ግቢው ግንብ በግንብ ሆነ። የእነዚያ ጫጩቶች ሚዛን ግን በወጣትነቷ ከቆመበት ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። ያን ጊዜ የመኖ ከረጢት ተሸክሞ የሚያፏጭ ሰው ከበስተኋላዋ ያለ ይመስላታል።

ከዚያ አዲሱ ኃላፊ ከነከረባቱ መጣ።

«እነዚህ ይህን ሁሉ ዘመን ሲበሉ ምንም አልጨመሩም?»

«እንዳይጨምሩ ነው የተቀመጡት፣ ጌታዬ። ማነጻጸሪያ ናቸው።»

«እንዳያድግ ተብሎ የሚቀለብ ነገር የት ይገኛል?»

መልሱን ቢፈልግ የራሱን መሥሪያ ቤት ዞር ብሎ ማየት ይበቃው ነበር። እሷ ግን የሽማግሌውን ቃል እየጠቀሰች ተከራከረች። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ፤ ክርክሯ ውሳኔውን አፋጠነው። «ለሠራተኛው ይታደሉ፤ ቤቱ ለሚያድጉት ይለቀቅ» ተባለ።

ለእሷ የደረሷት ሁለት ቄቦች ብቻ ነበሩ። ያለ አውራ በእነሱ ብቻ ዘር እንደማይቀጥል ታውቃለች። ስለዚህ በጣቢያው በር ላይ ቆማ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያሞገሰቻቸውን ዶሮዎች ታንኳስስ ጀመር።

«ወንድሜ፣ ይቺን ቀቅለህ እንግዳ ፊት ልታቀርብ ነው? አጥንት ናት እኮ።»

«እትዬ፣ አንቺስ ምን ልታደርጊያት?»

«እኔ ጥርስም የለኝ፤ መረቋ ይበቃኛል።»

ብዙዎቹ ስቀው አለፏት፤ ዶሮዎቹም ድስት ገቡ። ጥቂቶች ግን ሰጧት። ዘበኛው፣ ላባ መንጨት የሚሰለቸው ሰው፣ የደረሰውን አውራ ጨመረላት።

አሁን በጓሮዋ ይጭራሉ። ጎረቤቷ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «እትዬ፣ ዘንድሮም አልወፈሩልሽም?» ትላታለች።

«ቤተሰባቸው እንዲህ ነው፣ ልጄ» ትላታለች መዛኟ፣ አዲስ የተፈለፈለውን ጫጩት በመዳፏ ከፍ ዝቅ እያደረገች።