ባለ አንድ አልጋው ተጎታች

ተጎታች ቤት የሚሠራልኝ በያጅ እየሳቀ "አልጋው አንድ ብቻ?" ሲለኝ ተቆጣሁ። "ስንት አልጋ ላይ ልተኛ ነው?" አልኩት። ከባለቤቴ ተለያይተን ልጃችንም ከእሷ ጋር ከሄደች ወዲህ ጨዋታ የማይጥመኝ ሰው ሆኜ ነበር። እሱም አሮጌ ተጎታች ላይ የቆርቆሮ ክፍል በየደልኝ። እኔ ደግሞ አንድ ወንበርና አንድ ኩባያ ጨመርኩበት፣ ከፒክአፕ መኪናዬ ኋላ አሰርኩት፣ ካሜራዬን ይዤ ከደብረ ታቦር ወጣሁ። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው።

ለሰው የነገርኩት ገጠሩን ፎቶ ላነሳ፣ በመሸበት ላድር፣ ማንንም ሳላስቸግር ልዞር ነው ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የሰው ድምፅ ናፍቆኝ ነበር። ወጣት ሳለሁ ካሜራና ቦርሳ ብቻ ይዤ በዚሁ አገር ስዞር አንድም ምሽት ውጭ አድሬ አላውቅም። ገና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክንዴን ይዞ ወደ ቤቱ የሚጎትተኝ አይጠፋም ነበር።

አሁን የሚጎትተኝ ጠፋ። ጋፋት አጠገብ ገብስ ሲያጭዱ የዋሉ ሰዎች ተሰብስበው ተጎታቹን ዞረው አዩ፣ መስኮቱን አንኳኩ፣ አብረውኝ ሳቁ፣ ፎቶም ተነሱ። ሲመሽ ማጭዳቸውን ይዘው "በል ደህና እደር" ብለውኝ ሄዱ። አንዲት ሴት ብቻ ዞር ብላ፣ "አንተ ምን አለብህ፣ ቤትህን ይዘህ የምትዞር!" አለችኝ። ማሞገሷ ነው። ገብቼ ዳቦዬን እየገመጥኩ የቀኑን ፎቶዎች አየሁ። ጭስ የሚወጣው ጣሪያ፣ የተዘጋ በር፣ የሚሄድ ሰው ጀርባ፤ ሁሉንም ያነሳሁት ከውጭ ነው። በገዛ ገንዘቤ ባሠራሁት ቤት ተናደድኩ።

በማግስቱ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ፣ አመሻሽ ላይ ያለወቅቱ ዝናብ ወረደ። ወዲያው "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ጋቢያቸው የራሰ ሽማግሌ ቆመዋል።

"ከገበያ ስመለስ መሽቶብኝ ነው። የእግዜር እንግዳ ነኝ።"

ደስታዬን አልደብቅም፣ እንግዳ መጣልኝ! "ይግቡ አባቴ፣ ይግቡ!"

ወንበሬን ሰጠኋቸው፣ በኩባያዬም ሻይ ቀዳሁላቸው። ግራ ቀኙን ቃኙ።

"አንተ ወዴት ልትተኛ ነው ልጄ?"

"እኔ መኪናው ውስጥ እተኛለሁ። አንቱ አልጋው ላይ ይረፉ።"

"ኧረ አይሆንም! ባለቤቱን ከቤቱ አስወጥቼማ አልተኛም።" ከዚያም ያለ አንዳች ፌዝ ጠየቁኝ፦ "ቤትህ ሰው አይመጣም እንዴ?"

እንዲያድሩ በማርያም ብዬ ለመንኳቸው፣ አሻፈረኝ አሉ። ዝናቡ ጋብ ሲል ከጉብታው ባሻገር ዘመድ አለኝ ብለው መርቀውኝ ወጡ። ፎቶ እንኳ አላነሳኋቸውም። የጠጡበትን ኩባያ እስኪቀዘቅዝ በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩም።

ደብረ ታቦር ስመለስ ቤቴ እንኳ ሳልደርስ በያጁ ጋ ሄድኩ።

"ሌላ አልጋ ጨምርልኝ።"

"እሰይ! ማን መጣልህ?"

"ማንም መጥቶ አላደረም" አልኩት። "አንተ ብቻ ሥራልኝ።"