ለግሼ ገደል ያስቀረሁት ፊልም

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት በጥቅምት፣ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ነው። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ የጉዞዬም ዓላማ መንዝንና ግሼን ፎቶ ማንሳት ብቻ ነበር። ካሜራዬን በአሥራ አምስት ብር የሸጠልኝ አገሩን ለቆ የሚሄድ ጣሊያን መካኒክ ነው። እንደ አኮርዲዮን ይዘረጋል፤ ቆዳው ተልጧል። ብርሃኑን በዓይን ገምቼ፣ ርቀቱን በእርምጃ ለክቼ ቁልፉን ስጫን የሚሰማኝን ደስታ ሌላ ነገር ሰጥቶኝ አያውቅም። የያዝኩት ፊልም አንድ ነው፤ የሚያነሳውም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ።

ጣርማ በር ድረስ በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ከዚያ በቅሎ ተከራየሁ። ጭጋጉ ሲገለጥ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ተንጣለለ። ዘመሮ እስክደርስ ሰባት አንስቼ ነበር።

ዘመሮ

ያሳደሩኝ ወይዘሮ ደስታ የሚባሉ ባለ እርሻ ናቸው። በሶና ጠላ አቀረቡልኝ፤ ለመኝታም ወፍራም ባና አለበሱኝ። ጠዋት በቅሎዬን ስጭን ልጃቸውን አየለችን ደግፈው አወጧት። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። ደረቷን ታማ ከስታለች፤ ግን ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች።

“ጌታዬ፣ እቺን ልጄን ቢያነሱልኝ? መልኳ ቤቴ ይቀመጥልኝ” አሉኝ።

አምስት ቀርቶኛል። ስለ ግሼ ገደል የሰማሁት ሁሉ በልቤ ነበር።

“እናቴ፣ ስመለስ አነሳታለሁ። ሳምንት ቢሆነኝ ነው።”

አየለች ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ እንደተቀመጠች “እሺ” አለች፤ “ቀሚሱን አላወልቀውም።” ሳቅን።

ራቤል

ግሼ ውስጥ ካለችው ራቤል ደርሼ ሳየው፣ ገደሉ እንደተባለው ነው። ደመናው ከእግሬ በታች ይሄዳል። ሁለት ቀን ብርሃን ጠብቄ አራቱን እዚያ ጨረስኩ። አንዷን ለአየለች አስቀረሁ፤ በዚህም ራሴን እንደ ደግ ሰው ቆጠርኩ።

ተመልሼ ዘመሮ

ከግቢው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ አየሁ፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አየለች እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ነው ያረፈችው።

ወይዘሮ ደስታ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተቧጭሯል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ አዩት።

“ልጄ፣ ያን ለት ፊልሙ አልቆብህ ነበር አይደል?”

“አዎ፣ እናቴ” አልኩ። “አልቆብኝ ነበር።”

“ብዬ ነበር። ሰዉ ‘ንቋት ነው’ ሲል፣ ‘እሱስ እንዲያ ያለ ሰው አይደለም’ ብዬ ነበር።” እጄን ያዙኝ። “እንግዲህ ያለቀውን ከየት ታመጣዋለህ?”

ቤቱን፣ መቃብሯን፣ ያን ቀሚስ እንኳ ላነሳላቸው እችል ነበር። አንድ ቀርቶኝ ነበር። ግን አልቋል ብያለሁ። ንፍሮውን ቀምሼ፣ “እግዜር ያጽናዎት” ብዬ ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን

ፊልሙን አጠብኩት። የገደሉ ፎቶዎች እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ ይበልጣሉ። አለቃዬ አንዱን ለቢሯቸው ግድግዳ ወሰዱ፤ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ሲያደንቁት ከክፍሉ እወጣለሁ።

አሁን መንገድ ስወጣ መጀመሪያ ሰው ነው የማነሳው። ይህን ተምሬያለሁ። ወደ ዘመሮ ሄጄ ለወይዘሮ ደስታ እውነቱን መንገር ግን አልቻልኩም፤ ከልጃቸው ሌላ በእኔ ያላቸውን እምነትም እንዳላሳጣቸው ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።